በሐኪም ጆሮ የገባ በሽማግሌ አፍ አይውጣ

ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። ወጣቶቹ ሥልጠና ይወስዳሉ፣ መመሪያ ይሰጣቸዋል፣ ሲያጠፉም የሚቆጣቸው አለቃ አላቸው። የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ በሙያው ለሸበታችሁ ጤና መኮንኖች፣ ለዋና ነርሶች፣ ለአንጋፋ አዋላጆች፣ ጡረታ ወጥታችሁም እስከ ዛሬ በሰፈሩ «ዶክተር»፣ «ሲስተር» እየተባላችሁ ለምትከበሩ። እኛን የሚቆጣን የለም። ስንገባ ይነሱልናል፣ ስንናገር ዝም ብለው ያዳምጡናል። እርስ በርሳችን ካልተገሣሠጽን ማንም አይገሥጸንም።

ሴቶች ለሕክምና ሲመጡ በቤታቸው ድብደባ ወይም ማስፈራራት ይደርስባቸው እንደሆነ ይጠየቁ የሚለው ሐሳብ በየሥልጠናው ይነሳል። አልቃወመውም። የሚያስፈራኝ ሴትዮዋ መልስ ከሰጠች በኋላ ያለው ነው። መልሷ ወዴት ይሄዳል? በትልቅ ከተማ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ይህን ላያስበው ይችላል፤ ታካሚውን ከበሩ ውጭ አያውቀውም። በወረዳ ከተማ የሠራ ግን ይገባዋል። እዚያ የጤና ጣቢያው አንጋፋ የዕድሩ ዳኛ ነው፤ የግማሹ ሰፈር የክርስትና አባት ነው፤ ወይም የመስጊዱ ኮሚቴ አባል ነው። ባልየውን ያውቀዋል፣ የባልየውን አባትም ያውቃል። ሰኞ በምርመራ ክፍል የሰማውን እሑድ ሽምግልና ላይ ይዞት ይገኛል።

ክፋት አስቦ አይደለም። ክፋት ቢሆንማ ማስጠንቀቂያ ባላስፈለገ፤ ክስ ይበቃው ነበር። የሚያደርገው በደግነት ነው። ልጅቷ አልቅሳ ነገረችው፤ አንጀቱ አልቻለም። «ባሏ እኔን ያከብራል» ይላል፤ ይጠራዋል። «አንተ ልጅ፣ እንዲህ የሚባል ነገር ሰማሁ» ይለዋል። ልጁ አንገቱን ይደፋል፣ ጉልበት ይስማል፣ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ይላል። አንጋፋው ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል። ባልየውም ቤቱ ይገባል፤ ጠዋት ሲወጣ የማያውቀውን አንድ ነገር አውቆ። ሚስቱ ተናግራለች።

የዚያች ሌሊት ነገር በእኛ መዝገብ ላይ የለም። በሚቀጥለው ጊዜ የምናያት ዐይኗ ያበጠ፣ «በር መታኝ» የምትል ሴት ናት። ብንጠይቃት አትነግረንም፤ ለምን ትነግረናለች? ጎረቤቷም አትነግረንም፣ እኅቷም አትነግረንም። ሴቶች የማን አፍ እንደማይዘጋ ቡና ላይ ይነጋገራሉ። አንድ ጊዜ «ከጤና ጣቢያው ወሬ ወጣ» ከተባለ ቅጹን ብንቀይር፣ ሥልጠናውን ብንደጋግም፣ ለዓመታት ማንም እውነቱን አትነግረንም።

የችግሩን ስፋት ለእናንተ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሆኖም በገዛ አገራችን የተሰበሰበ ቁጥር ስለሆነ ላንሳው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገው የ10 አገሮች ጥናት ኢትዮጵያን የወከለችው ቡታጅራና አካባቢዋ ነበረች። እዚያ ባል ከነበራቸው ተጠያቂዎች 71 በመቶው በሕይወታቸው ከባላቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት፣ ወይም ሁለቱም ደርሶባቸዋል። 54 በመቶው የተጠቁት ከጥናቱ በፊት በነበሩት 12 ወራት ውስጥ ነው። ጥናቱ ከተካሄደባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት ደግሞ በአገር ደረጃ ትዳር ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳየ። ጥናቶቹ በቦታም በአጠያየቅም ይለያያሉ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ቀነሰ» ማለት አይቻልም።

ለእኛ ለአዛውንቶቹ የሚበልጠው ግን ከዚያው ዳሰሳ የተገኘ ሌላ ነገር ነው። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለማንም አልተናገሩም፣ የማንንም እርዳታ አልጠየቁም። ከጠየቁት መካከልም ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው። ያው ጥናት ደግሞ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ መሆናቸውን ይናገራል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «አያችሁ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ተቀብለውታል» ይላሉ። እኔ ግን ዱላ ሲያገኛት «ምን አጥፍተሽ ነው?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ አድጋ የምትሰጠው መልስ አድርጌ ነው የማየው። ጠያቂዎቹ ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ አይደሉም።

ይጠየቁ ወይስ አይጠየቁ በሚለው ላይ ታላላቆቹ ተቋማትም አንድ ቃል የላቸውም። የአሜሪካው የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 በወሊድ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ሁሉ ይጠየቁ ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ግን የመጣችውን ሴት ሁሉ መጠየቅን አልመከረም። ጥቃት ያመጣው ወይም ያባባሰው ሊሆን የሚችል ሕመም ያለባትን ሴት ጠይቁ፤ ያውም ሰው የማይሰማበት ክፍል፣ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የተጻፈ አሠራርና የምትልኩበት ቦታ ሲኖራችሁ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ የተደረጉትን ሙከራዎች ሰብስቦ መረመረ። ሴቶችን በሙሉ መጠየቅ የሚታወቁትን ተጠቂዎች ቁጥር ከፍ ያደርጋል፤ ጥቃቱን ስለ መቀነሱ ግን ማስረጃ አልተገኘም።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር አትለፏት። ሙከራዎቹ በአብዛኛው የተካሄዱት መጠለያ ባለበት፣ የስልክ እርዳታ ባለበት፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ በየሆስፒታሉ በተመደበበት አገር ነው። እዚያ እንኳ ማወቅ ብቻውን ዱላውን ካላስቀረ፣ እኛ ዘንድ ነገሩ ከመታወቅ አልፎ ሰፈር ቢደርስ ምን ሊሆን ነው?

በዚህ ላይ የራሳችን አመል አለ፤ ዕቅድና ክንውን። ጥያቄው ቅጽ ላይ ከገባ በሩብ ዓመቱ «የተጠየቁ እናቶች ብዛት» የሚል ሠንጠረዥ ይመጣል። ሠንጠረዥ ከመጣ ደግሞ መሙላት መቼ ይቸግረናል? ባሏ አጠገቧ ቆሞ «በቤት ችግር አለብሽ?» ትባላለች። «የለም።» ምልክት ይደረጋል። በሪፖርቱ ክንውኑ ከመቶ በላይ ይሆናል፤ ከመቶ በላይ እንዴት እንደሚከናወን እግዜር ይወቀው። ያንን ሪፖርት የምንፈርመው እኛ ነን። ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ እነዚህ ሴቶች ሲጠየቁ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር? መልሱ ካልታወቀ ሪፖርቱን መልሱት።

ከሁሉ ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ልጆች በዚህ ነገር አታስጨንቋቸው። መርሐ ግብሩ ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው ያመጡትን ለውጥ የምንክድ አይደለንም፤ በክትባቱም፣ በመጸዳጃ ቤቱም፣ በቤተሰብ ዕቅዱም ውለታቸው አለብን። ነገር ግን ልጅቷ የቀበሌው ሰው ናት። የባልየው የአክስት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ቤት ለቤት ስትዞር አማት ምድጃ ዳር ተቀምጣለች፤ ባል ከደጅ እንጨት ይፈልጣል። እዚያ ላይ «ባልሽ ይመታሻል?» ብላ እንድትጠይቅ፣ የመለሱትንም ቆጥራ እንድታመጣ ማዘዝ ሁለት ሴቶችን በአንድ ጊዜ አደጋ ላይ መጣል ነው፤ የምትጠየቀዋንና የምትጠይቀዋን። አውቃ ከመጣች፣ ሴትዮዋም ከፈቀደች፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንድታመጣት መንገድ አብጁላት። ከዚያ በላይ አትጫኗት።

አሁን ወደ ዋናው ሥራችን ልምጣ። ሴትዮዋ ሳትናገር ገላዋ የሚናገርበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ዝም የሚል ባለሙያ «እኔ ገመና አልነካም» ብሎ ሊመጻደቅ አይገባውም። ከድንገተኛ ክፍል ልጀምር። የተባይ መርዝ የጠጣች ወይም በረኪና የጠጣች ወጣት ሚስት ትመጣለች። በዚህ ሥራ እጃችን የተፈታ ነው። ልብሷን እናወልቃለን፣ ገላዋን እናጥባለን፣ መርዙ ኦርጋኖፎስፌት ከሆነ አትሮፒን እንሰጣለን፣ ሌሊቱን እንከታተላለን። ነፍሷ ይተርፋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን «ተሽሏታል» ተብሎ ካርዷ ይዘጋል፤ መድኃኒቱን ሲገዛ የሰነበተው ባል ይፈርምና ይዟት ይሄዳል። ለምን እንደጠጣች የጠየቀ አለ? «ከባሏ ጋር ተጣልታ» የምትል አንዲት መስመር በካርዱ ላይ ትገኛለች፤ የነገረው ማን እንደሆነ ስትመለከቱ ራሱ ባልየው ነው። መርዙን ከሆዷ አውጥተን ወደ አጠጣት ቤት መልሰን እንሸኛታለን። በዚህ ሥራ ከኖርን ሰዎች ይህን ያላየ የለም፤ ልማድ ሆኖብን ሥራው ያለቀ ይመስለናል።

ሁለተኛው አንገት ነው። «ጉሮሮዬን አመመኝ፣ መዋጥ አቃተኝ፣ ድምፄ ተዘጋ» የምትል ሴት ሁሉ ቶንሲል አይደለባትም። አንገቷን ታንቃ ሊሆን ይችላል። ታንቆ የተረፈ ሰው ብዙ ጊዜ በቆዳው ላይ የሚታይ ምልክት የለውም፤ ዐይኑን ገልጣችሁ ነጩን ክፍል ስታዩ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀይ ነጠብጣቦች ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ላታገኙም ትችላላችሁ። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ፤ በአሜሪካ ከተሞች በተደረገ ጥናት ባሏ ወይም ወዳጇ ከዚህ ቀደም አንቋት የሚያውቅ ሴት በእሱው እጅ የመገደል ዕድሏ ከ7 እጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጥፊ መታኝ ያለችና አነቀኝ ያለች ሴት አንድ አይደሉም። ሁለተኛዋ ስትመጣ ወረፋ አታስጠብቋት፤ ሌሊቱን ማን ዘንድ እንደምታድር ሳታውቁም አትሸኟት።

ሌሎቹን እናንተው ታውቋቸዋላችሁ። የእርግዝና ክትትሏን አቋርጣ በስምንተኛው ወር የምትመጣው፤ ሆዷ ላይ ሰማያዊ ሰንበር የታየባት፤ በየሁለት ሳምንቱ «ጨጓራ»፣ «ራስ ምታት»፣ «መላ ሰውነቴን» እያለች የምትመላለስ፣ ምርመራዋ ሁሉ ደህና የሆነ፣ እኛም «ነርቭ ነው» ብለን ቫይታሚን የምንሰጣት። እነዚህን ጠይቁ። ለእነዚህ ቅጽ አያስፈልግም፤ ዐይን ይበቃል።

ጥያቄው ግን ቦታ ይፈልጋል። መጋረጃ ክፍል አይደለም። ሦስት አልጋ ባለበት፣ ተማሪዎች በከበቡበት፣ ጽዳቷ በምትገባበት በምትወጣበት የተጠየቀ ጥያቄ አደባባይ ላይ እንደተጠየቀ ይቆጠር። ባልን ከክፍሉ ማስወጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ብልሃት ነው። በኤች.አይ.ቪ. ምክንያት ባሎችን ወደ እርግዝና ክትትል ኑ ብለን ስንጋብዝ ኖረናል፤ መልካም አደረግን፤ አሁን ግን ገብቶ ወንበር ይዞ የተቀመጠውን «ውጣ» ማለት ያስጠረጥራል። ስለዚህ ለአንዷ ተብሎ የሚደረግ አይሁን። በሩ ላይ ጻፉት፤ እያንዳንዷ እናት የተወሰነ ጊዜ ብቻዋን ትመረመራለች በሉ፤ ለቀበሌው ሊቀመንበር ሚስትም፣ ለጽዳቷም፣ ለራሳችሁ ምራትም እንዲሁ ይሁን። ሕግ ሲሆን ማንም አይቀየምም። የዓለም ጤና ድርጅት መምሪያ ከ2 ዓመት በላይ የሆነ ማንም ሰው ንግግሩን አይስማ ይላል። ሕፃን ልጅ ቤት ሲደርስ «እማዬ ለሐኪሙ እንዲህ አለች» ማለቱን ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል።

ስትጠይቁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ነገሩን ከእሷ አትጀምሩ። «ብዙ ሴቶች በቤታቸው ችግር ይገጥማቸዋል፤ ጤናን ስለሚጎዳ እንጠይቃለን። የምትፈሪው ሰው አለ? ባልሽ ወይም ሌላ ሰው መትቶሽ ያውቃል?» በቂ ነው። በዕድሜ ለገፋችው «እርስዎ» በሉ፤ ተደብድባ የመጣች ሴት መከበር ይጎድላታል እንጂ ምክር አይጎድላትም። «ምን አድርገሽው ነው?» የሚለው ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ። «ለምን አትተይውም?» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ማስላቱን ከእናንተ በተሻለ ታውቃለች፤ ቤቱ በማን ስም እንደሆነ፣ ልጆቹን የት እንደምታሳድር፣ ወንድሞቿ ይቀበሏት እንደሆነ። «የለም» ካለች የለም ነው። አትጨቅጭቋት። ሌላ ቀን ብትፈልግ እንደምትሰሟት ንገሯትና ሥራችሁን ቀጥሉ።

«አዎ» ካለችስ? መጀመሪያ አዳምጡ፤ ከዚያ እመኗት፤ ከዚያ ዛሬ ቤት ብትገባ ምን ያሰጋታል ብላችሁ ጠይቋት። መሣሪያ ቤት ውስጥ አለ? ሰሞኑን ድብደባው በረታ? ሊገድላት ዝቶ ያውቃል? የምትሄድበት ሰው አላት? መታወቂያዋና የልጆቿ የልደት ካርድ የት ነው? በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሕግ እርዳታውን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ለተጠቁ ሴቶች መጠለያ የሚሰጥ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አለ። የሕግ ምክር በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል ሲሰጥ ቆይቷል። በወረዳው ግን ከእነዚህ አንዱም ላይኖር ይችላል። ሳትጠይቁ በፊት የእናንተን ቅርብ ቦታ እወቁ፤ በፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል የምትሠራውን በስም እወቋት፣ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ መቼ ክፍት እንደሆነ እወቁ፣ በሪፈር ሆስፒታሉ ማን እንደሚቀበል እወቁ። ወደ ፖሊስ መሄድና አለመሄድ የሴትዮዋ ውሳኔ ነው፤ እኛ አንወስንላትም።

መዝገቡን በተመለከተ ጥብቅ ቃል አለኝ። ይዛው የምትሄደው የቀጠሮ ካርድ ላይ ምንም አትጻፉ። ለቀጠሮ ስትደውሉ ስልኩ የማን እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቋት፤ የብዙዎቹ የባል ስልክ ነው። በውስጥ መዝገቡ ላይ ግን ቁስሉን በትክክል ጻፉ፤ ቦታውን፣ መጠኑን፣ ቀለሙን፣ እሷ ያለችውን በራሷ ቃል። ጉዳዩ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ቢደርስ ያቺ ገጽ ብቸኛ ምስክሯ ልትሆን ትችላለች። «ወድቃ ነው» ብሎ ለባል ክብር ሲባል የተጻፈ ካርድ የሐሰት ማስረጃ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የፖሊስ ደብዳቤ አላመጣሽም ተብላ ሳትታከም የምትመለስም ካለች በእናንተ ቤት ይህ እንዳይደረግ አድርጉ፤ ሕክምናው ይቀድማል፣ ወረቀቱ ይከተላል። የካርድ ክፍሉ ቁልፍስ ማን ጋ ነው? የባልየው ወንድም እዚያ ከሠራ ምን ታደርጋላችሁ?

ውጭ አገር ለሚሠሩ ባልደረቦቻችን አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስም ሆነ በቴል አቪቭ የአገራችን ሴት እንግሊዝኛው ወይም ዕብራይስጡ ካልሆነላት ባሏ ያስተረጉምላታል፤ በእሱ አፍ «ደህና ነኝ» ትላለች። በስልክ የመጣው አስተርጓሚም ድምፁ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ሰው ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በምትሠሩበት ሆስፒታል ይህን የምትናገሩት እናንተ ናችሁ፤ ፈረንጁ ሐኪም አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ዘመድ መሆኑን አያውቅም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስና ቅሬታችሁን ልስማ። «ሽምግልና ባህላችን ነው፤ ስንቱን ትዳር አድነናል» ትሉኛላችሁ። እኔም የማውቀው ሽምግልና አለ፤ እወደዋለሁም። በድንበር መሬት የተጣሉ ሁለት ገበሬዎች ሲታረቁ ሁለቱም «አይሆንም» ማለት ይችላሉ፤ ሁለቱም ሌሊቱን በየቤታቸው ያድራሉ። የተደበደበች ሚስት ግን «አይሆንም» ብትል ከእሱ ጋር ነው የምታድረው። በሽማግሌ ፊት የደረሰባትን ዘርዝሪ ትባላለች፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጧል። «ስለ ልጆችሽ»፣ «ስለ እግዚአብሔር»፣ «ስለ እኛ ሽበት» ትባላለች፤ በሽበታችን ስታፍር እሺ ትላለች። እርቅ ብለን ቡና ጠጥተን እንነሣለን። ያስታረቅነው እሱን ከሰፈሩ ጋር ነው፤ እሷ ያለችው እዚያው የነበረችበት ነው።

ሕጉም ከዚያ ወንበር አንሥቶናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ፣ የፍቺውን ነገር ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደማንኛውም ወንጀል እንደሚያስጠይቅ ይደነግጋል። እኛን በቀጥታ የሚነካን ደግሞ አንቀጽ 399 ነው፤ በሙያው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ባለሙያ ይቀጣል። «ለማስታረቅ ነው ያወጣሁት» ማለት ከዚያ አንቀጽ አያስጥልም።

አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው ያከምኳት ሴት ጉዳይ ላይ ብቻ አልቀመጥም» ትላላችሁ። አስቡት እንጂ። ትናንት በሌላው ጉዳይ ተቀምጣችሁ ዛሬ በዚህኛው «ይቅርብኝ» ብትሉ ሰፈሩ ምን ይላል? «ዶክተሩ አንድ ነገር ያውቃሉ» ይላል። ባልየውም ይህንኑ ይላል፤ ከማን እንደሰማችሁም አይጠፋውም። ሳትናገሩ ተናገራችሁ ማለት ነው። መውጫው አንድ ነው። በጤና ሙያ ያለን ሰዎች በባልና ሚስት ድብደባ ሽምግልና ጨርሶ አንቀመጥ፤ በዘመድም፣ በጎረቤትም፣ በማናውቃትም ሴት ጉዳይ ቢሆን። በመሬቱ፣ በገንዘቡ፣ በደሙ ጉዳይ እንቀመጥ፤ በዚህ አንቀመጥ። ሴትዮዋ ራሷ ሽማግሌ ብትፈልግ የምታምናቸውን እሷ ትምረጥ፤ ከሌላ ሙያ ይሁኑ።

ይህንንም የማንም ሴት ጉዳይ ባልተነሳበት ቀን፣ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ተናገሩት። ዛሬ ከተነገረ የሁላችን ደንብ ይሆናል። የአንዷ ስም ከተነሳ በኋላ ከተነገረ ግን ያችን ሴት መጠቆም ነው።